ቀይ ያልተሰመረበት ስህተት

በየጥቂት ወሩ አንድ ቪዲዮ ይዞራል። አንድ ባለሥልጣን ወይም አንድ አትሌት በእንግሊዝኛ ሲናገር ይደነቃቀፋል፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ያህል የማኅበራዊ ሚዲያው ሥራ እሱ ላይ መሳቅ ይሆናል። አትሌቱ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጦ፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው ማይክ ተደግኖበት ነው የተናገረው። የምንስቀው «ኢዝ» ማለት ሲገባው «አር» ስላለ ነው።

ሳቁን ለሳቂዎቹ ልተወው። እኔን የሚያሳስበኝ ያው የሚስቀው ሰው አሥራ ሁለት ገጽ የእንግሊዝኛ ውል ሲቀርብለት የመጀመሪያውን ገጽ ገረፍ አድርጎ በየገጹ ግርጌ መፈረሙ ነው። የአትሌቱ ስህተት ማንንም አልጎዳም፤ የተናገረው ለሁሉም ገብቷል። ገንዘብ የሚያስከፍለው፣ ክስ የሚያስረታው፣ አንዳንዴም የሰውን ዕጣ የሚወስነው የእንግሊዝኛ ስህተት ግን አያስቅም፤ ስህተት አይመስልምና። ሰዋስው ትክክል ነው፣ ነጥቡ ቦታው ላይ ነው፣ ኮምፒውተሩም ቀይ አያሰምርበትም። ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት ስለ እሱ ነው።

(እንግሊዝኛውን በራሳችን ፊደል እጽፈዋለሁ። ለዓይን ይጎረብጣል፤ ጮክ ብላችሁ ስታነቡት ግን ታውቁታላችሁ።)

መጀመሪያ ቀላሎቹን ላንሣ። እንግሊዝኛ ስንሳሳት በዘፈቀደ አንሳሳትም። አብዛኛው ስህተታችን አማርኛችን ሥራውን በትክክል እየሠራ መሆኑን ነው የሚያሳየው፤ ችግሩ በማይመለከተው ቋንቋ ውስጥ ገብቶ መሥራቱ ነው። «ኦልዞ ሂ ኢዝ ፑር፣ በት ሂ ኢዝ ሃፒ» ብሎ ያልጻፈ ተማሪ ይኖራል? «ምንም እንኳን ድሃ ቢሆንም፣ ነገር ግን ደስተኛ ነው» ስለምንል ነው። አማርኛ ሁለቱንም ማያያዣ ይሸከማል፤ እንግሊዝኛ አንዱን ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ወይ «ኦልዞ»ን ወይ «በት»ን። «ዲስከስ አባውት ዘ ኢሹ» የምንለው «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ከሚለው ላይ «ስለ»ን ይዘን ስለምንሻገር ነው፤ «ዲስከስ» ግን «ስለ»ን በሆዱ ይዟል። «ዘ ማን ሁም አይ ሶ ሂም» የሚለውም እንዲሁ። «ያየሁት ሰውዬ» ስንል «ት» የምትባለው ቅጥያ «እሱን» ማለት ናት፤ እሷን መንገድ ላይ ላለመጣል ስንል «ሂም»ን እንጨምራለን። የቢሮ ደብዳቤዎችን የሚያስጌጡት «ኢንፎርሜሽንስ» እና «ኢኩዊፕመንትስ» ከመረጃዎችና ከመሣሪያዎች የመጡ ናቸው። በተቃራኒው ደግሞ አማርኛ «አምስት ተማሪ» ማለትን ስለማይከለክለን «ፋይቭ ስቱደንት» ብለን እናርፋለን። «ትናንት አይቼዋለሁ» ጥሩ አማርኛ ስለሆነ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» እንላለን፤ እንግሊዝኛ ግን ያለፈው ቀን ስሙ ከተጠራ «ሃቭ»ን አይፈልግም፣ «አይ ሶ ሂም» ይበቃዋል።

ሥርዓተ ነጥብ ላይ ስንደርስ ነገሩ ጠለቅ ይላል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። «ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ወደ ሥራ ሄደ» ስንል የመጀመሪያዎቹ ሦስት ግሶች ራሳቸውን አልቻሉም፤ ሁሉም «ሄደ»ን ይጠብቃሉ። ስለዚህ ነጠላ ሰረዝ ይበቃቸዋል። ይህንኑ ልማድ ይዘን «ዘ ሚቲንግ ዋዝ ሎንግ፣ ዊ ዲድ ኖት አግሪ፣ ዊ ዊል ሚት አጌን» ብለን ስንጽፍ ግን ሦስቱም ራሳቸውን የቻሉ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ በነጠላ ሰረዝ ማያያዝ በምራቅ እንደማጣበቅ ነው። መድኃኒቱ ወይ ነጥብ፣ ወይ ማያያዣ ቃል፣ ወይ ድርብ ሰረዝ ነው። ድርብ ሰረዝ እኮ በሁለቱም ቋንቋ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። በአማርኛ እንደ ልብ እንጠቀምበታለን (ይኸው እኔም እየረጨሁት ነው)፤ እንግሊዝኛ ላይ ስንደርስ ግን የሰው ዕቃ ይመስል እጃችንን እንሰበስባለን። ስለ «ኢትስ» እና ስለ ጭረቷ አልጽፍም፤ እንግሊዞቹ ራሳቸው በየሱቁ ሰሌዳ ላይ ሲሳሳቱባት ነው የሚኖሩት።

እነዚህን ሁሉ ርካሽ ስህተቶች እላቸዋለሁ። ማወቁ ይጠቅማል፤ በተለይ የሥራ ማመልከቻና የመመረቂያ ጽሑፍ የምትጽፉ ተጠንቀቁ። ነገር ግን አንባቢው ቢስቅም ሐሳቡ ይገባዋል። ዛሬ ደግሞ ግራመርሊ ወይም ቻት ጂፒቲ ላይ ለጥፋችሁ በአሥር ሰከንድ ታጠሩታላችሁ። አደጋውም ከዚህ ይጀምራል፤ የጠራ ጽሑፍ ትክክለኛ ይመስላልና ማንም ዳግመኛ አያነበውም። ፕሮግራሙ የሚያየው የጻፋችሁትን እንግሊዝኛ ነው። በአእምሯችሁ ውስጥ የነበረውን አማርኛ አላየውም።

አንድ አስመጪ ወዳጄ ያሳየኝን ኢሜይል ልንገራችሁ። ሻጩ «ዊ ዊል ሺፕ ኢን ሰርቲ ዴይስ» ብሎ ጽፎለታል። ወዳጄ «በሠላሳ ቀን እንጭናለን» ብሎ አነበበው። በአማርኛ «በሠላሳ ቀን» ማለት ሠላሳው ቀን ሳያልፍ ማለት ነው፤ «ቤቱን በሦስት ወር ጨረሰው» ስንል በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ ማለታችን ነው። ሻጩ ግን ያለው «የዛሬ ሠላሳ ቀን» ነበር። እንግሊዝኛው «ኢን» ስለወደፊት ነገር ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰማው ይህንን ነው። ኤልሲው ላይ የመጨረሻው የመጫኛ ቀን የተሞላው ደግሞ በወዳጄ ንባብ ነው። ኤልሲ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ይገምታል። ባንክ የሚመለከተው ሰነዱን እንጂ ዕቃውን አይደለም፤ ነጋዴው «ዩሲፒ 600» የሚለው የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ደንብ ይህንን በግልጽ አስፍሮታል። ቀን ካለፈ አለፈ ነው። ማሻሻያ፣ የማሻሻያ ክፍያ፣ እንደገና ደጅ ጥናት። «ዊዚን» የምትባል አንዲት ቃል፣ ከዚያም በላይ ቀኑ በቁጥር ቢጻፍ፣ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

«እስከ»ም እንዲሁ ናት። «ጣራውን እስከ ሰኔ 30 ይሠራል» ስንል ብዙ ጊዜ በሐሳባችን ያለው እስከዚያ ጨርሶ ያስረክባል ነው። «ዘ ኮንትራክተር ዊል ወርክ ኦን ዘ ሩፍ አንቲል» ብላችሁ ቀኑን ከጻፋችሁ ግን የተዋዋላችሁት ሰውየው እስከዚያ ቀን ጣራው ላይ እንዲውል ነው። ስለማለቁ የተባለ ነገር የለም። እንግሊዝኛ ለዚህ ሁለት ቃል አለው፤ ለሚቀጥል ነገር «አንቲል»፣ ለማለቂያ ቀን «ባይ»። እኛ አንድ «እስከ» ይዘን ሁለቱንም እንከፍታለን። በኪራይ ውል ላይ ያለችው «ሜይ ኖት»ም ብዙ ሰው ታታልላለች፤ «ላያደርግ ይችላል» ትመስላለች፣ የምትለው ግን «አይፈቀድለትም» ነው።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን የንግዱ አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው ታሪኩን በእንግሊዝኛ ጽፎ ወይም አስጽፎ ያስገባል፤ በኋላ ደግሞ በቃል ይጠየቃል፣ ብዙ ጊዜም በአስተርጓሚ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «ሪል አይዲ» የተባለው ሕግ ዳኛው በጽሑፉና በቃሉ መካከል ያየውን አለመጣጣም፣ ከጉዳዩ ዋና ነጥብ ጋር ባይገናኝም እንኳ፣ የሰውየውን ተአማኒነት ለመመዘን እንዲጠቀምበት ይፈቅዳል። ይህን ይዛችሁ «ይደበድቡኝ ነበር» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ መልሱልኝ። «ዘይ ዌር ቢቲንግ ሚ» ካላችሁ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ቦታ፣ ሲካሄድ የነበረ አንድ ድብደባ ነው የሚታየው። «ዘይ ዩዝድ ቱ ቢት ሚ» ካላችሁ ደግሞ በተደጋጋሚ፣ እንደ ልማድ የሚፈጸም ነው። አማርኛው ሁለቱንም በአንድ መልክ ይላል፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ዙሪያው ያለው ወሬ ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀለት ሰው የመጀመሪያውን ጽፎ፣ ባለጉዳዩ በቃል ሲጠየቅ «ሌሊት ሌሊት ነበር» ብሎ ቢመልስ፣ ጠያቂው ወረቀቱን ያይና «እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ነው የሚመስለው» ይላል። ማንም አልዋሸም። ሰዋስው ላይም አንድ ስህተት የለም።

«ታሰርኩ» ደግሞ የባሰ ነው። «ሦስት ወር ታሰርኩ» የሚለው «አይ ዋዝ አሬስትድ ፎር ስሪ ማንስ» ሆኖ ይጻፋል። «አሬስት» ግን የመያዙ ድርጊት ነው፤ የሦስት ወሩ ቆይታ «ዲቴይንድ» ነው የሚባለው። ቀጥሎ «ስንት ጊዜ አሬስት ተደረግህ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ከጣቢያ ወደ ማረሚያ ቤት የተዛወረ ሰው በአማርኛ «መጀመሪያ ጣቢያ ታሰርኩ፣ ከዚያ ማረሚያ ቤት ታሰርኩ» ሊል ይችላል፤ አንድ እስር ነው፣ በእንግሊዝኛው ግን ሁለት ጊዜ የተያዘ ይመስላል። በዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠራችን ሲጨመር አስቡት። ለዘመድ ለወገን እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ የምታዘጋጁ በዲሲም ሆነ በሚኒያፖሊስ ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ «እኔ እንግሊዝኛ እችላለሁ» የሚለው እዚህ ላይ አይበቃም። ግሱ አንዴ ነው ወይስ ደጋግሞ፣ መያዝ ነው ወይስ መቆየት ብላችሁ ባለታሪኩን በአማርኛ ጠይቁት፤ ከዚያ ጻፉ።

«ይህ የእኛ የቋንቋ ድክመት ነው፤ ባለቋንቋዎቹ አይቸገሩም» የሚል ካለ ወደ ሜይን ግዛት ልውሰደው። በዚያ ግዛት ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የሠራ ሰው የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለው፤ ለአንዳንድ የምግብ ሥራዎች ግን ክፍያው ቀርቷል። ሕጉ ሥራዎቹን ሲዘረዝር ማቀነባበር፣ ማድረቅ፣ ማከማቸት እያለ ይሄድና መጨረሻው ላይ «ፓኪንግ ፎር ሺፕመንት ኦር ዲስትሪቢውሽን» ይላል። ከ«ሺፕመንት» በኋላ ነጠላ ሰረዝ የለም። ኦክኸርስት የተባለ የወተት ድርጅት ሾፌሮች «እኛ እናከፋፍላለን እንጂ አናሽግም፤ ሕጉ የሚያወራው ለጭነት ወይም ለማከፋፈል ስለሚደረግ ማሸግ ነው» ብለው ከሰሱ። ድርጅቱ ደግሞ «ማሸግ አንድ፣ ማከፋፈል ሌላ» አለ። የሥር ፍርድ ቤት ለድርጅቱ ፈረደ። የይግባኙ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ሐረጉ አሻሚ ነው፣ አሻሚ ከሆነ ደግሞ ለሠራተኛው በሚጠቅም መንገድ ይተረጎማል ብሎ ገለበጠው። በዓመቱ ድርጅቱ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የግዛቱ ምክር ቤትም ዝርዝሩን እንደገና ጻፈው፤ በምን ለያየው ብትሉ፣ በድርብ ሰረዝ።

አሁን ያንን ሐረግ ወደ ደህና አማርኛ ለመመለስ ሞክሩ። ወይ «ለጭነት ወይም ለማከፋፈል ማሸግ» ትላላችሁ፣ ወይ «ለጭነት ማሸግ ወይም ማከፋፈል» ትላላችሁ። መሃል ላይ መቆም የለም፤ «ለ»ን የት እንደምታስገቡ አማርኛ ያስገድዳችኋል። ረቂቁ ሲዘጋጅ አንድ የአማርኛ ተርጓሚ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ «ይቅርታ፣ የትኛውን ነው የምትሉት?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የእንግሊዝኛ ሊቅ መሆን አያስፈልገውም፤ አማርኛው ይበቃዋል።

ካናዳ ውስጥ ይህ ነገር በእውነት ደርሷል፤ በአማርኛ ባይሆንም በፈረንሳይኛ። ሮጀርስና አሊያንት የተባሉ ሁለት የቴሌኮም ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ምሰሶ ኪራይ ተዋዋሉ። ውሉ ለአምስት ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ በኋላ በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል፣ ከአንድ ዓመት በፊት ማስታወቂያ ካልተሰጠ በቀር። «በቀር» ከሚለው በፊት ያለችው ነጠላ ሰረዝ ናት ያጣላቻቸው፤ የማቋረጥ መብቱ እድሳቱን ብቻ ነው የሚመለከተው ወይስ የመጀመሪያውን አምስት ዓመትም ጭምር? የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2006 በነጠላ ሰረዟ ሄዶ «ማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይቻላል» አለ። በ2007 ግን የውሉ የፈረንሳይኛ ቅጂ ቀርቦ ታየ። ፈረንሳይኛው አሻሚ አልነበረም፤ መሥሪያ ቤቱም ውሳኔውን ቀየረ። ነጠላ ሰረዟን ያሸነፈው ሁለተኛው ቋንቋ ነው።

እኛም ሁለተኛ ቋንቋ አለን፤ እንዲያውም የመጀመሪያችን ነው። የምናደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። በአማርኛ ተነጋግረን፣ በአማርኛ ተስማምተን፣ እንግሊዝኛው ሲዘጋጅ አማርኛውን ረቂቅ ወደ ቅርጫት እንጥላለን። መንግሥት እንኳ በዚህ ላይ ከነጋዴው የተሻለ ጥንቃቄ አድርጓል። ነጋሪት ጋዜጣ በሁለቱም ቋንቋ ይታተማል፤ ልዩነት ቢፈጠር አማርኛው እንደሚጸና አዋጅ ቁጥር 3/1987 ይደነግጋል፤ ለሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 106 ይህንኑ ይላል። (ውጫሌን ስንት ጊዜ እንደሰማችሁ ስለማውቅ አላነሣትም።) በግል ውል ላይ ግን ማንም አያስገድዳችሁም፤ ራሳችሁ ካልጻፋችሁት የሚጸናው የፈረማችሁበት ነው።

ትምህርት ቤታችን ለዚህ አላዘጋጀንም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ እንማራለን፤ ፈተናው ላይ ግን የሰለጠንነው ሌላ ሰው የጻፈው ዓረፍተ ነገር ላይ ከአራት ምርጫ አንዱን ማጥቆር ነው። ራሳችን የጻፍነው አንድ ገጽ በመምህር እጅ ታርሞ የተመለሰልን ስንቶቻችን ነን? መምህሩን አልወቅስም፤ ስልሳ ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ማን ድርሰት ያርማል። ውጤቱ ግን ይህ ነው፤ ስህተት ማለት ቀይ የሚሰመርበት ነገር እንደሆነ አምነን እናድጋለን፣ ቀይ ከሌለ እንፈርማለን።

ስለዚህ የእኔ ምክር የሰዋስው መጽሐፍ ግዙ አይደለም። የምትፈርሙበትን እንግሊዝኛ እናንተ ያልጻፋችሁት ሰው ጮክ ብሎ ወደ አማርኛ እየመለሰ ያንብብላችሁ። አማርኛውን ረቂቅ አታሳዩት፤ ካየ ያውቀዋል፣ ካወቀ ያሰባችሁትን ያነብላችኋል። ምላሱ «በ» እና «ውስጥ»፣ «እስከ» እና «ከ…በፊት»፣ «አንዴ» እና «ደጋግሞ» መካከል የተወላከፈበት ቦታ ላይ እርሳስ አድርጉ። ጊዜ የሚለካበት ቦታ ሁሉ ቀኑ፣ ወሩና ዓመቱ ይጻፍ፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ጭምር። «ኦር» እና «ኤንድ» ያሉበት ረጅም ዝርዝር ካለ በመስመር በመስመር ይበታተን። ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ገልጣችሁ፣ በቋንቋዎቹ መካከል ልዩነት ቢፈጠር የትኛው ይጸናል የሚል አንቀጽ ፈልጉ። ከሌለ ይግባ በሉ፤ እስኪገባ ድረስ እስክሪብቶው ኪሳችሁ ይቆይ።